«ታማለች፣ ቶሎ ኑ»

«ሰው አለሽ?» አለችኝ ዶክተሯ፣ ሆዴ ላይ የቀረውን የአልትራሳውንድ ቅባት እንድጠርግበት ሶፍት እያቀበለችኝ።

«ኧረ አለኝ» አልኳት። እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ «የለኝም» ብሎ የሚመልስ ሰው አይቼ አላውቅም። ቢኖርም ያ ሰው እኔ መሆን አልፈለግሁም።

«ብዙ ሰው ማለቴ ነው» አለች። «ደም የሚሰጥ።»

ያኔ ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ልንገራችሁ። ስሜ ሂሩት ነው። ተወልጄ ያደግሁት ፒያሳ፣ ብዙ ቤተሰብ አንድ የውሃ ቧንቧ በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነው። እናቴ እዚያው አረጀች፣ እዚያው ሞተች። እሷ ባረፈች በዓመቱ ሰፈራችን ለልማት ተነሳና ጎረቤቶቼ ገሚሱ ገላን ጉራ፣ ገሚሱ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገብተው ተበተኑ። እኔ ቸርችል ጎዳና ላይ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ስለምሠራ ከሥራዬ መራቅ አልፈለግሁም፤ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ቀረሁ። ሰው ከሰፈሩ ሲሄድ አይቻለሁ፤ ሰፈሩ ከሰው ሲሄድ ግን ያየሁት ያኔ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የተወለድኩበት ቤት በነበረበት አልፋለሁ። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አበባና ያማረ መብራት አለ። የሚያምር ነው፣ አልዋሽም። ግን «ሂሩት፣ ዛሬ ደግሞ ምነው ቀደምሽ?» የሚል ሰው የለበትም።

ባል ነበረኝ። የመጀመሪያ ልጃችን በቀዶ ጥገና ተወልዶ ሳይሰነብት አረፈ። ከዚያ በኋላ እኔና ባሌ በአንድ ጣራ ስር እንደ ሁለት እንግዳ ኖርን። ተለያየን፣ ታረቅን፤ እንደገና ማርገዜን ስነግረው ስልክ ቁጥሩን ቀየረ። ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

እንግዲህ ዶክተሯ የነገረችኝ ይህን ነው። ልጅ ከተወለደ በኋላ እንግዴ ልጁ በራሱ ተላቆ ይወጣል። የእኔ ግን አቀማመጡም ሆነ አያያዙ ጤናማ አልነበረም። የማህፀኔን አፍ ዘግቶ ታች ተቀምጧል፤ በዚያ ላይ በድሮው ቀዶ ጥገና ጠባሳ ላይ ስለበቀለ የማህፀኔን ግድግዳ ሰርስሮ ሥር ሰድዷል።

«ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም» አለች። «ያጋጠመ እንደሆነ ግን ከባድ ነው። በምጥ መውለድ አትችዪም። በቀዶ ጥገና ልጁን እናወጣለን፤ እንግዴ ልጁን ላላቅቀው ብል ግን ደሙ አይቆምልኝም። ስለዚህ እሱን ሳልነካ ከነማህፀንሽ ማውጣት ሊኖርብኝ ይችላል። እንደዚያም ሆኖ ብዙ ደም ይፈሳል። የደም ባንኩ ያለውን ይሰጠናል። አንቺ ደግሞ ምትክ የሚሰጡ ሰዎች ከአሁኑ አዘጋጂ።»

«ልጄስ?»

«እስኪበረታ ሆድሽ ውስጥ እናቆየዋለን። ደም ካየሽ ግን፣ ትንሽም ብትሆን፣ ባያምሽም፣ በሩጫ ነይ። ይኼ የሚያም ደም አይደለም። ክፋቱም እሱ ነው።»

ከሆስፒታሉ ወጥቼ አምስት ኪሎ ጋ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ስልኬን ከፈትኩ። ስሞቹን ከላይ እስከ ታች አየኋቸው። ደንበኛ፣ ባለ ሱቅ፣ የቤት አከራይ፣ የፎቶ ወረቀት አቅራቢ። የእናቴ ዘመዶች ቁጥር አለ፤ ግን ለቀብሯ ከመጡ ወዲህ አልተጠያየቅንም። በሌላ በኩል የሰፈራችን እድር የቴሌግራም ቡድን አለ። ሰፈሩ ቢፈርስም እድሩ አልፈረሰም፤ እኔም በእናቴ ቦታ መዋጮዬን አቋርጬ አላውቅም። ግን ያ ቡድን የሞት ነው። ሰላምታ እንኳ አይጻፍበትም፤ ስም ይወጣል፣ የቀብር ሰዓት ይወጣል፣ አለቀ። እዚያ ላይ «ጤና ይስጥልኝ፣ ደም ፈልጌ ነበር» ብዬ ልጻፍ? ከከተማው ጫፍ ሁለት ሦስት መኪና ቀይረው መጥተው ክንዳቸውን እንዲዘረጉልኝ? ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። ይሉኝታ ያስረጃል ይላሉ፤ እኔን ሊገድለኝ ነበር።

ሆዴ ገፋ። ማታ ማታ ልጄን አናግራታለሁ፤ ሌላ የማናግረው ሰው ስላልነበረ ብዙ ሰምታኛለች። ነገ እደውላለሁ እያልኩ ሳምንታት አለፉ።

አንድ ቀን ጠዋት ፎቶ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። አለቃዬ ለሠርግ ቀረጻ ደብረ ብርሃን ሄዷል። ለለቅሶ ድንኳን የሚሆን የአንድ አዛውንት ፎቶ እያሳደግሁ፣ የኮታቸውን ኮሌታ በኮምፒውተር እያስተካከልኩ ነበር። የፒያሳ ሰው ሲሞት ፎቶው በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው። ከወንበሬ ስነሳ ሙቀት ተሰማኝ። አየሁት። ቀይ፣ ንጹህ፣ ብዙ። ምንም አላመመኝም። ዶክተሯ እንዳለችው፣ ምንም።

የሱቁን በር መዝጋቴ አሁን ድረስ ይገርመኛል። ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ጋቢዬን ወገቤ ላይ ጠምጥሜ ቸርችል ዳር ቆምኩ። ሰው እንደ ወትሮው ይወርዳል፣ ይወጣል። አንድ የላዳ ሹፌር ቆመና ፊቴን አይቶ ዋጋ ሳይጠራ በር ከፈተልኝ።

«እህቴ፣ ምጥ ነው?»

«አይደለም። ቶሎ ንዳልኝ ብቻ።»

መንገዱን ሁሉ በመስታወት እያየኝ «አይዞሽ፣ ደርሰናል» ሲለኝ ነበር። ያን ቀን እስከዚያች ሰዓት ድረስ አይዞሽ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

ማዋለጃ ክፍል አስተኙኝ። በግራዬም በቀኜም ያሉት ሴቶች ፔርሙዝ የያዘች እናት፣ ትራስ የሚያስተካክል ባል፣ በር ላይ የምትጨቃጨቅ እህት አላቸው። የእኔ አልጋ ዙሪያ ክፍት ነው። ዶክተሯ መጥታ ሆዴን ነካች፤ አንሶላውን ገልጣ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«ሂሩት፣ መጠበቅ አንችልም። ዛሬ ነው። ሰዎችሽ የት ናቸው?»

ዓይኔን ወደ በሩ አዞርኩ። ገባት መሰለኝ፤ ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። «ባንኩ የላከልን ለመጀመር ይበቃል» አለች። «ከዚያ በላይ ከሄደ...» ብላ ተወችው። የስምምነት ፊርማውን ሌላው ሰው ቤተሰቡ ይፈርምለታል። እኔ ራሴ ለራሴ ፈረምኩ።

ሲስተር ሰናይት የምትባል ነርስ ደም ለመቅዳት ክንዴን ይዛ «ማን ልጥራልሽ?» አለችኝ። ስልኬን በጥድፊያ ፎቶ ቤት ረስቼዋለሁ። በቃሌ የማውቀው ቁጥር ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ የእድራችን ዳኛ የጋሽ በየነ ቁጥር። እናቴ ናት በቃሌ ያስያዘችኝ። «እኔ የሞትኩ ቀን ግራ እንዳይገባሽ፤ መጀመሪያ ለበየነ ደውዪ» ትለኝ ነበር። ያንን ቁጥር ነገርኳት።

ሲስተር ሰናይት አጠገቤ ቆማ ደወለች። «ሄሎ፣ ጋሽ በየነ ይባላሉ? ከሆስፒታል ነው የምደውለው። ሂሩትን ያውቋታል? ... አዎ፣ የወይዘሮ የሺ ልጅ። ታማለች። ሰው ያስፈልጋታል፤ ብዙ ሰው። ቶሎ ኑ።» የሆስፒታሉን ስም ነገረቻቸው፣ ትንሽ አዳመጠችና ስልኩን ዘጋች።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«'ገብቶኛል ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ' አሉ። ጨዋ ሰው ናቸው። ምን ሆና ነው ብለው እንኳ አላስቸገሩኝም።»

እኔም ጨዋነታቸው ደስ አለኝ። ደም እየፈሰሰው የተኛ ሰው አርቆ አያስብም።

ከዚያ የቀዶ ጥገናው ክፍል እስኪለቀቅና እስኪዘጋጅ ረጅም ሰዓት ጠበቅሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ሰው መሀል ነበርኩ እኮ፤ ግን ብሞት በሩ ላይ ቆሞ ስሜን የሚሰማ የለም። ልጄ ሆዴ ውስጥ ትንቀሳቀሳለች። «እኔ ካልወጣሁ የማን ነሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ፈርቼ የነበረው ይህንን ነው። ሞቱን አይደለም። ይህቺን ልጅ ተቀብሎ «የእኛ ናት» የሚል አንድ ሰው አለመኖሩን ነው።

ተሽከርካሪ አልጋ ላይ አድርገው ወደ ኮሪደሩ ሲያወጡኝ ከወዲያኛው ጫፍ ለቅሶ ሰማሁ። ደረት የሚመታ፣ የወጣለት የሀበሻ ለቅሶ። «ወይኔ ልጄን! ወይኔ አንድ ፍሬዋን!» ትላለች አንዲት ሴት። የማን ቤት ፈረሰ ዛሬ ብዬ ለማላውቀው ሟች አዘንኩ። ከዚያ ድምጿ ቀረበና «የሺ፣ እንኳንም ይህን ሳታዪ ሄድሽ! ወይኔ ሂሩቴ!» አለች።

ሂሩት እኔ ነኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። መላው ሰፈሬ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ጋሽ በየነ በዚያች የቀብር ኮታቸው ጥላቸውን ተመርኩዘዋል። ድሮ ከግቢያችን በር ላይ ሱቅ የነበረው የወሎው ሰው፣ ሰይድ፣ ግድግዳ ተደግፎ ዓይኑን ይጠርጋል። ከፊት ደረታቸውን እየመቱ የሚመጡት እትዬ አስካለ ናቸው፤ ከቤታችን ጋር ግድግዳ ይጋሩ የነበሩት፣ እናቴ ገበያ ስትሄድ ያበሉኝ ሴትዮ።

የእትዬ አስካለ ዓይን ከዓይኔ ጋር ገጠመ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«አልሞትሽም?» አሉኝ ጋሽ በየነ።

«ገና ነኝ» አልኳቸው።

«በስመ አብ!» እትዬ አስካለ ወደ ጋሽ በየነ ዞሩ። «አንተ ሽማግሌ! ማነው ሞተች ያለህ?»

«ነርሷ ናታ! 'ታማለች፣ ቶሎ ኑ' አለችኝ። ይኼ ምን ማለት ነው ታዲያ? እኔ ራሴ በዚሁ ቃል አይደል ስንቱን ለመርዶ የጠራሁት?»

ሲስተር ሰናይት አልጋውን እየገፋች በቁጣ ቀላች። «አባቴ፣ ታማለች ስልዎት ታማለች ማለቴ ነው!»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሌላው። እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ ደሙ ሲወርድ ይሰማኛል። ዶክተሯ ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ሆና ያን ሁሉ ሐዘንተኛ አየችና «እነዚህ ሁሉ ያንቺ ናቸው?» አለችኝ።

«አዎ፣ የእኔ ናቸው» አልኩ። በዚያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

«ደም ያስፈልጋታል» አለቻቸው ዶክተሯ። «አሁኑኑ። መስጠት የሚችል ከሲስተር ጋር ይሂድ። የእናንተ እስኪመረመር ባንኩ በምትኩ ያለውን ይለቅልናል።»

ሰይድ እጅጌውን እየሰበሰበ ቀደመ። «አፈር ልናለብስ መጥተን ደም መስጠት ሊያቅተን ነው? የት ነው ክፍሉ?»

«ቆዩ!» አሉ እትዬ አስካለ። «መጀመሪያ ነጠላችሁን አስተካክሉ! ልጅቷ በቁሟ እያየች ምን ዓይነት ሟርት ነው?» ሴቶቹ በሙሉ እዚያው ኮሪደር ላይ ነጠላቸውን አውርደው፣ ገልብጠው፣ ጥለቱን አስተካክለው እንደገና ለበሱ። ወደ ውስጥ ስገባ መጨረሻ ያየሁት ያንን ነው።

ውስጥ ብርዱ ከባድ ነው። ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ። መጋረጃ ጋረዱብኝ። መሳብ፣ መጎተት ይሰማኛል፤ ሕመም የለም። ከዚያ አንዲት ቀጭን፣ የተናደደች ድምፅ መጣች። «ሴት ናት» አለችኝ አንዷ፣ ለቅጽበት ያህል አሳየችኝና ይዛት ሮጠች። ወዲያው የዶክተሯ ድምፅ ተለወጠ። «ደም! ሌላ አምጡ! አስተኟት!» የሚል ሰማሁ። ጭምብሉ አፌ ላይ ሲወርድ «ውጪ ሰዎች አሉኝ» ብዬ አሰብኩ። ይህን እያሰቡ እንቅልፍ ውስጥ መግባትና ይህን ሳያስቡ መግባት አንድ አይደለም።

ስነቃ መሽቶ ነበር። ዶክተሯ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። እንግዴ ልጁ ከማህፀኔ አልፎ የሽንት ፊኛዬ አካባቢ ደርሶ ነበር። ማህፀኔ ወጥቷል፤ ሁለተኛ አልወልድም። ልጄ ጊዜዋ ሳይደርስ ስለተወለደች ሙቀት ክፍል ናት፤ ግን ትተነፍሳለች። «መጀመሪያ ባንኩ በላከው ደም ብቻ ቢሆን አንቺን አላተርፍሽም ነበር» አለች። «እውነቱ ይኼ ነው።»

ሌሎቹ ሄደዋል። የተከራዩት ሚኒባስ ለቀብር ነውና የሚጠብቀው እስከ ማታ ብቻ ነበር። እትዬ አስካለ ግን ወንበር ላይ ተኮራምተው አገኘኋቸው። የእሳቸውን ደም አልወሰዱላቸውም፤ ግፊትዎ ከፍ ብሏል፣ ሐኪም ይዩ ብለው መለሷቸው። በዚህ በጣም ተቀይመዋል። «የኔ ደም ምን ሆኖ ነው? የሰይድን የወሰዱ!» ይሉ ነበር።

በማግስቱ ሾርባ እያጎረሱኝ፣ «እትዬ፣ ባትመጡ ኖሮ ሞቼ ነበር» አልኳቸው።

ማንኪያውን አስቀመጡት። «እውነቱን ልንገርሽ? አትቀየሚኝ። መታመምሽን ብቻ ባውቅ ኖሮ ትናንት አልመጣም ነበር። ነገ እሄዳለሁ፣ እሑድ እሄዳለሁ እል ነበር። ከገላን ጉራ እዚህ ድረስ መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ለሞት ግን ነገ አይባልም። ሁላችንም እንደዚያ ነን።»

ለሞተችው ሂሩት ሚኒባስ ሙሉ ሰው ሥራውን ጥሎ መጣ። ለታመመችው ሂሩት ግን ማንም ላይመጣ ይችል ነበር። ያዳነኝ የሰው ስህተት ነው። ይህን እያሰብኩ ስንት ማታ እንዳለቀስኩ እኔ አውቃለሁ። ግን አልተቀየምኳቸውም፤ እኔስ መቼ ጠርቻቸው ነበር?

ልጄን ጋሽ በየነ ብስራት አሏት። «ለመርዶ ወጥተን ይዘናት የተመለስናት» ይላሉ። ሙቀት ክፍል ከርማ ወጣች፤ አሁን እየዳኸች የፎቶ ቤቱን ገመድ ትነቅላለች። ሰዎቼ ወደየሰፈራቸው ተመልሰዋል፤ እኔም ወደዚያችው ክፍሌ። ጠዋት ጠዋት ያንኑ አበባና መብራት አልፋለሁ። ብቸኝነቱ አልጠፋም፤ ጠፍቷል ብል እዋሻለሁ። ብቻ አሁን የማን እንደሆንኩ አውቃለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ሆዷን ይዛ ብቻዋን የምትጨነቅ እህቴ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሐኪም «ሰው አለሽ?» ሲላችሁ አትኩሩ። የይሉኝታ መልእክታችሁን ጽፋችሁ አታጥፉት። ስልክ ተደውሎ «ታማለች» ሲባልም ታማለች ማለት ነው ብላችሁ ውጡ፤ ሞት እስኪቀሰቅሳችሁ አትጠብቁ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ እንደዚያ ለማድረግ ለራሴ ቃል ገባሁ።

እትዬ አስካለ በየሳምንቱ ይደውሉልኝ ነበር። «ግፊቱስ?» ስላቸው «ደህና ነኝ፣ አንቺ ልጅሽን ያዢ» ይላሉ። በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጋሽ በየነ ደወሉ።

«ሂሩት፣ አስካለ ትንሽ አሟታል። ነይ።»

እጄ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደ። ግን ቃሌን አስታወስኩ። ጥቁር ልብሴን ከቁም ሳጥኑ አላወጣሁም። ቢጫውን ቀሚሴን ለበስኩ፤ ብስራትን አዘልኳት፤ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ የሚወዱትን ብርቱካን ገዛሁ። መንገዱን ሁሉ ምን እንደምላቸው ሳሰናዳ ነበር፤ «ይኸው፣ ነገ ሳልል መጣሁ» ልላቸው። ገላን ጉራ ስደርስ ፀሐዩ ከሮ ነበር። የሕንጻቸውን መታጠፊያ ስዞር ድንኳኑ ተተክሏል።

ጋሽ በየነ ከሰው መሀል ወጥተው መጡ። ቢጫ ቀሚሴን አዩ፤ የያዝኩትን ብርቱካን አዩ።

«ምነው ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «አልገባሽም እንዴ?»

«ታማለች አሉኝ እኮ» አልኳቸው።